ስለ ኅቡእ ምግባር ልኬት

በአንድ ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ መዝገብ ውስጥ አንዲት የ17 ዓመት ልጃገረድ በጥቅምት ወር የሦስት ወሩን መርፌ ተወግታ በጥር ለቀጠሮዋ ሳትመለስ ብትቀር፣ መዝገቡ የሚመሰክርባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም አቋርጣለች የሚል ነው። ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ እዚያው ተወግታ እንደሆነ፣ ከወዳጇ ጋር ተለያይታ መከላከያው የማያስፈልጋት ሆና እንደሆነ፣ ወይም እናቷ የቀጠሮ ካርዷን ከደብተሯ መካከል አግኝታባት እንደሆነ መዝገቡ አያውቅም።

ስለዚህ የወጣቶችን የእርግዝና መከላከያ አጠቃቀም እንለካለን ስንል በእውነቱ የምንለካው ምን እንደሆነ አስቀድሞ መመርመር ይገባል። የገላ ሙቀት በቴርሞሜትር ይታወቃል፤ ሕመምተኛው ነርሷን ቢያምናትም ባያምናትም ልኩ ያው ነው። የሰው ምግባር ግን፣ ይልቁንም ከሰው ዓይን ተሰውሮ የሚፈጸመው፣ ከባለቤቱ አንደበት ካልተነገረ በቀር ወደ መለኪያው የሚደርስበት መንገድ ስለሌለው፣ የሚታወቀው በጠያቂውና በተጠያቂው መካከል ባለው መተማመን መጠን ነው።

ይህንም በግልጥ ያሳየ ጥናት አለ። በአሜሪካ ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆች ስለ ወሲብ፣ ስለ አደንዛዥ ዕፅና ስለ ዐመፅ ሲጠየቁ፣ ከፊሎቹ በወረቀት፣ ከፊሎቹ ግን ጥያቄውን በጆሮ ማዳመጫ ከኮምፒዩተር እየሰሙ ብቻቸውን እንዲመልሱ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው፣ በኮምፒዩተሩ የተጠየቁት የሚያሳፍረውንና የሚያስቀጣውን ነገር አብዝተው አመኑ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ የተለወጠው የሚሰማቸው ጆሮ ነው።

ቤተ ክርስቲያን የነፍስ አባትን ምስጢር በመጠበቅ ማሰሯ ከዚሁ ዕውቀት የመነጨ ይመስለኛል። ነርሷ ግን ኃጢአት ልትሰማ የተቀመጠች ስላልሆነች፣ በቃሏ ውስጥ ፍርድ ከቶ ሊሰማ አይገባም፤ «አግብተሻል ወይ?» ብሎ መጀመር የተለመደ ቢሆንም፣ ያላገባችውን ልጅ አፍ የሚዘጋው ይኸው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2016 ከተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዘወትር የሚጠቀሰው ከመቶ 36 የሚለው የተጠቃሚዎች ቁጥር በትዳር ያሉትን ሴቶች የሚመለከት ስለሆነ፣ እርሱን ብቻ ይዞ የሚያቅድ ሰው ያላገባችውን ልጅ ከሐሳቡ ውጭ ትቷት ያቅዳል።

ሩት ሌቪንሰን የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ ልጃገረዶች ባወጡት ጽሑፍ፣ ተጠቅማለች ወይስ አልተጠቀመችም በሚለው ሳይወሰኑ፣ በሚያስቸግር ጊዜ ራሴን መጠበቅ እችላለሁ ብላ ታምናለች ወይ የሚለውን ለመለካት ሞክረዋል። ለነርስ የሚበጀው ይህ ነው፤ ያለፈው ሥራ ለመዝገብ ይጠቅማል፣ ነርሷ የምትረዳው ግን የሚመጣውን ነውና። «ካርድሽን የት ታስቀምጪዋለሽ?» ስትባል «ሲስተር፣ ቤት አልወስደውም» ያለች ልጅ፣ ከብዙ የመለኪያ ነጥብ የበለጠ ነገር ተናግራለች፤ ያን ጊዜ ካርዱ በጤና ጣቢያው ሊቀመጥላት፣ ወይም ሦስት ዓመት የሚያገለግለውና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ፣ ሲዳሰስ እንደሚታወቅ ጭምር ተነግሯት፣ ለምርጫዋ ሊቀርብላት ይቻላል።