ማገገም መመለስ ነውን?

በአገራችን ተማሪ ቤት የሚዘጋው በክረምት ዝናብ ነው፤ እኔ በማስተምርበት በዋሽንግተን ግን በበጋ ሐሩር። ዘንድሮ የዕረፍቱን ወራት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ተኝቼ አሳለፍኋቸው። መጽሐፍ እገልጣለሁ፤ ከአንድ ገጽ አላልፍም። «እንደ ቀድሞዬ የምሆነው መቼ ነው?» እያልሁ ራሴን አስጨንቃለሁ።

አንድ ማታ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ አዳመጥሁ። በወጣትነታቸው ለንደን ሄደው ሙዚቃ እንዳይማሩ ተከለከሉ፤ በጽኑ ታመሙ፤ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። የመጀመሪያው ሸክላቸው የወጣው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። ያመለጣቸው የለንደን ዕድል አልተመለሰም፤ ዜማው ግን በመነኩሲት ጣቶች ተወለደ።

ስደተኛም በሽተኛም መዳንን ወደ ትናንት መመለስ አድርገን እንቆጥረዋለን። ትናንት ግን ቆሞ አይጠብቅም። የዳነ ሰው በተረፈው ጉልበት የዛሬን ሥራ የጀመረ ይመስለኛል።

ዛሬ ሁለት ገጽ አነበብሁ።