ሐሰተኛ ወሬና የአስተላላፊው ኅሊና

የውሸት ዕድሜ ከሰው ንግግር ዕድሜ አያንስም። በየዘመኑ ሲወገዝ የኖረው ግን በአብዛኛው ወሬውን የፈጠረው ሰው ነው። ሰምቶ ለሌላው ያቀበለው «የሰማሁትን ተናገርኩ እንጂ ከራሴ አልጨመርኩም» ብሎ ራሱን ከወቀሳ ነፃ ያደርጋል። ወሬ ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ ይጓዝ በነበረበት ጊዜ ይህ ምክንያት የሚያጠግብ መስሎ ሊታይ ይችል ነበር። አንድ ሰው በእጁ በያዘው ስልክ በአንድ አፍታ ለሺዎች መናገር በሚችልበት በዛሬው ዘመን ግን እንደገና ሊመረመር ይገባዋል። ሐሰትን ያልፈጠረ፣ ነገር ግን ያስተላለፈ ሰው በኅሊናው ፊት ተጠያቂ ነውን?

መልሱ በግምት ላይ ብቻ እንዳይመሠረት የምርምርን ማስረጃ ማየት ይበጃል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ሶሩሽ ቮሱጊ፣ ዴብ ሮይና ሲናን አራል እ.ኤ.አ. በ2018 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አንድ ጥናት አውጥተዋል። ጥናቱ ከ2006 እስከ 2017 ዛሬ ኤክስ በሚባለው በትዊተር የተዛመቱ 126,000 ያህል የወሬ ሰንሰለቶችን መርምሯል። ወሬዎቹን ያቀባበሉት ሰዎች ወደ 3 ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ እውነቱን ከሐሰቱ የለዩትም 6 ነፃ አጣሪ ድርጅቶች ናቸው። በውጤቱ መሠረት ሐሰተኛው ወሬ በሌሎች ተደግሞ የመሠራጨት ዕድሉ ከእውነተኛው በ70 በመቶ ይበልጣል። እውነተኛው ወሬ 1,500 ሰዎች ዘንድ ለመድረስ ሐሰተኛው ከሚፈጅበት ጊዜ 6 እጥፍ ያህል ይፈጅበታል።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ምክንያቱ ነው። ብዙዎች ጥፋቱን የሰው ስም ለብሰው ወሬ በሚረጩ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ላይ ይጥላሉ። ተመራማሪዎቹ እነዚህን ከስሌቱ አውጥተው ሲመለከቱ ዋናው ውጤት አልተለወጠም። ፕሮግራሞቹ እውነቱንም ሐሰቱንም በእኩል መጠን ያፋጥናሉ፤ ሐሰቱን መርጦ የሚያስሮጠው ሰው ራሱ ነው። ሐሰተኛው ወሬ ይበልጥ አዲስ ሆኖ ይታያል፤ የሚቀሰቅሰውም መደነቅን፣ ፍርሃትንና መጸየፍን ነው። ስለዚህ «እኔ መንገድ ብቻ ነኝ» የሚለው የአስተላላፊው መከላከያ አይጸናም። መንገድ አላፊውን አይመርጥም፤ ሰው ግን ይመርጣል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ብሂል ለተበደለ ሰው ታላቅ መጽናኛ ሆኖ ኖሯል። ብሂሉ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ እውነቱ እስኪጠራ ድረስ ባለው ሌሊት ውስጥ የሚፈጸመው ነገር ሁሉ በንጋት አይመለስም። በሐሰት ስሙ የጠፋ፣ ከጎረቤቱ የተቃቃረ ወይም የተፈናቀለ ሰው ማስተባበያው ሲደርስለት የሚያገኘው እውነቱን እንጂ ያጣውን አይደለም። የአስተላላፊው ኃላፊነትም የሚመዘነው በዚህ በሌሊቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ገበሬው፣ ነጋዴውና አስታማሚው የሰሙትን ሁሉ ሊያጣሩ አይችሉም። እርግጥ ነው፤ ሁሉን ማወቅ የማንም ግዴታ አይደለም። ያላወቁትን ሳያቀብሉ መቆየት ግን በሁሉም አቅም ውስጥ ነው። ጎርደን ፔኒኩክ፣ ዴቪድ ራንድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት እንዳሳዩት፣ ብዙ ሰው ሐሰትን የሚያሠራጨው እውነትን ንቆ ሳይሆን ሐሳቡ ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው። ስለ አንድ ዜና እውነተኛነት ሲጠየቅ በኋላ የሚያቀብለውን በመጠኑም ቢሆን ይመርጣል። አበው «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ማለታቸው ይህንኑ ነው።

ሕጉም ወደዚህ ሐሳብ ያዘነብላል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል በኢትዮጵያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰት መሆኑን እያወቀ ያሠራጨውን ብቻ ሳይሆን፣ ማወቅ ሲገባው ያላወቀውንም ይመለከታል። ሆኖም ሕግ የኅሊናን ቦታ ሊተካ አይችልም። ደስ የማያሰኝን እውነት ሁሉ «ወሬ» እያሉ የሚያጣጥሉ ሰዎችም ከሐሰተኛው ወሬ አስተላላፊ የሚያንስ ጉዳት አያደርሱም። የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ጎርደን ኦልፖርትና ሊዮ ፖስትማን እ.ኤ.አ. በ1947 እንዳስረዱት፣ ወሬ የሚበረታው ጉዳዩ ለሕዝቡ ብርቱ፣ የተሰጠው መረጃ ግን ድፍን ሲሆን ነው። ስለዚህ እውነቱን ይዞ በወቅቱ ያልተናገረ ኃላፊ ለወሬው ማሳውን አርሶ ሰጥቷል።

ከዚህ የተነሣ ሸክሙ በሁሉም ትከሻ ላይ ያርፋል። ኃላፊው በጊዜው ይናገር፤ መምህሩ ተማሪውን «ከማን ሰማህ? እርሱስ በምን አወቀ?» ብሎ መጠየቅን ያስለምደው፤ ከያኒውም ሕዝቡን ለማስደነቅ ሲል እውነትን አይሽጥ። ሐሰት ከአንድ አፍ ይወለዳል፤ የሚያሳድጉት ግን ብዙ እጆች ናቸው። ከእነዚያ እጆች አንዱ መሆን ወይም አለመሆን የእያንዳንዱ ሰው ምርጫ ነው።