እንግዳና ጎረቤት

ተራራና መንደር ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ከባለ መንደሩ ምን ይገባዋል? ባለ መንደሩስ ለእንግዳው የሚያደርገውን ሁሉ ለጎረቤቱ ያደርጋልን? ይህን ጥያቄ ያነሣነው የከፋን ምድር እያሰብን ነው።

ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን ቦንጋ ስንደርስ ኮረብታውን ያለበሰው ደን ይቀበለናል። በጥላው ሥር ቡና ወፍ ዘራሽ ሆኖ ይበቅላል፤ በዛፎቹም ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሎ ይታያል። ይህ አገር በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዘገበ። በሥርዓቱም መሠረት፥ ከማይነካው ደን ሌላ፥ ሰው እያረሰ የሚኖርበት ክፍል አለው። እንግዲህ ጎብኚው ደኑን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ሊያይ ይመጣል ማለት ነው።

በስዊስ አገር፥ በአልፕስ ተራራ ሥር ያለችው ዘርማት ቀድሞ የእረኞችና የገበሬዎች መንደር ነበረች፤ ዛሬ በበረዶ ላይ ሊንሸራተት የሚመጣ ሕዝብ ይሞላታል። የነባር ቤተሰቦች ማኅበር ራሱ የሆቴሎች ባለቤት ስለ ሆነ፥ ከእንግዳው የሚገኘው ጥቅም ከፊሉ ለመንደሩ ይቀራል። ይህ መልካም ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ ይኸው መንደር በ19ኛው ክፍለ ዘመን፥ ሆቴሎችን ሠርቶ ስሙን ያስጠራለትን አሌክሳንደር ዛይለርን እንደ ነባር ላለመቀበል ለብዙ ዓመታት ተሟግቷል። ስለዚህ «ጥቅሙ ለመንደሩ ይቅር» ስንል፥ መንደር የሚባለው ማንን እንደሚያቅፍ አስቀድመን መጠየቅ ይገባናል።

በከፋ ይህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። በደኑ ዳር በአደን፥ በከሰልና በማገዶ ሲተዳደሩ የኖሩት መንጆዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋራ በአንድ ገበታ እንዳይቀርቡ፥ በአንድ ዕቃ እንዳይጠጡ ሲከለከሉ ኖረዋል፤ ልማዱም ፈጽሞ አልጠፋም። እነሆ፥ ባሕር ተሻግሮ ለመጣው ሰው ቡና አፍልተን ስኒ እናቀርባለን፤ ደኑን አብጠርጥሮ ለሚያውቀው ጎረቤት ግን ያንኑ ስኒ እንነፍገዋለን።

ምናልባት «ይህ የአባቶች ልማድ ነው፤ ባህል ይጠበቅ» የሚል ይኖራል። እኛም ባህል ይጠበቅ እንላለን። ነገር ግን ቡና በአገራችን የሚፈላው ጎረቤት ለመጥራት ነው፤ ጎረቤት በማይጠራበት ቤት የቀረው የጀበናው መልክ ብቻ ነው። እንግዳ እንዳያየው ልማዱን ብንደብቀውም ማፈራችንን ያሳያል፤ መታረማችንን አያሳይም።

ስለዚህ የሚጎበኝ መንደር ለማቅናት የምናስብ ሁሉ፥ ማደሪያውንና መንገዱን ስናቅድ፥ ከመንገድ መሪዎቹ፥ ከአስተናጋጆቹና ከትርፉ ተካፋዮች መካከል መንጆው መኖሩን እንጠይቅ። መምህራንም ይህንኑ በትምህርት ቤት ያንሡት። እንግዳ አድሮ ይሄዳል፤ ጎረቤት ግን አብሮን ይኖራል።