የመንገድ ማስታወሻ ለማን ይጻፋል?

ረጅም መንገድ በእግሩ የሚጓዝ ሰው ማታ በድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ውሎውን በሚጽፍበት ጊዜ የሚያነጋግረው ማንን ነው? ራሱን ነው ወይስ ወሬውን በቤት ሆነው የሚጠባበቁትን ወገኖቹን? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ሰው ለራሱ የሚናገረውና ለእናቱ የሚናገረው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። አድማጩ ሲለወጥ ንግግሩም ይለወጣል። ስለዚህ ጉዳዩ የእውነተኛነት ጉዳይ ስለሆነ ልንመረምረው ይገባል። ለዚህም አንዲት ትንሽ መሣሪያ ምሳሌ ትሁነን።

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የአፓላቺያን የእግር መንገድ የሚባል አለ። በጆርጂያ ከሚገኘው ከስፕሪንገር ተራራ ተነሥቶ 14 ግዛቶችን እያቋረጠ በሜይን ካታህዲን ተራራ ላይ ይፈጸማል። ርዝመቱ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1921 ያቀረበው ቤንተን ማካይ ሲሆን፣ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር የተገናኘው በ1937 ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ጉዞ ለመጨረስ የሚነሣ ሰው ብዙ ወራት በዱር ያድራል። ስንቁ ሲያልቅ በየጥቂት ቀኑ ወደ አንዲት ከተማ ይወርድና እንደገና ወደ ተራራው ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከእነዚህ መንገደኞች አንዳንዶቹ ፖኬትሜይል የተባለውን የኢሜይል መላኪያ በሻንጣቸው ይዘው ይጓዙ ነበር። መሣሪያዋ በእጅ የምትያዝ፣ ትናንሽ የፊደል ቁልፎች ያሏትና በሁለት የባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ነበረች። መንገደኛው ማታ የጻፈውን ይዞ ከተማ ሲደርስ ከሕዝብ ስልክ ወደ አንድ ነፃ ቁጥር ይደውላል። ከዚያም የመሣሪያዋን ጀርባ ከስልኩ መነጋገሪያ ጋር ያጋጥማል። ጽሑፉም ወደ ድምፅ ተለውጦ በስልኩ ሽቦ ይሄዳል፤ ለእርሱ የተላከውም መልእክት በዚያው መንገድ ይመጣል።

በመጀመሪያ ጥቅሟን እንናገር። ልጁ በዱር ውስጥ ብቻውን የሚጓዝ ወላጅ እንቅልፍ የለውም። «ደኅና ነኝ፤ ዛሬ 20 ኪሎ ሜትር ሄድኩ» የሚል አንድ መስመር ለዚያ ቤት ትልቅ ዕረፍት ነው። በሰላም መሆንን ለሚያስቡልን ሰዎች ማሳወቅ ግዴታ እንጂ ችሮታ አይደለም። «ለብቻዬ ለመሆን ነው የወጣሁት» የሚል ሰውም ከዚህ ግዴታ ነፃ አይሆንም።

ችግሩ የሚመጣው ደብዳቤውና የዕለት ማስታወሻው በአንድ መሣሪያ ሲጻፉ ነው። እስቲ ጉልበቱ ያበጠ፣ ለሁለት ቀን ዝናብ የመታው፣ «ለምን መጣሁ?» እያለ ከራሱ ጋር የሚከራከር ወጣት እናስብ። እናቱ እንደምታነበው ስለሚያውቅ ጉልበቱን ይተወዋል፤ ዝናቡን ጨዋታ ያደርገዋል፤ ክርክሩንም ጨርሶ አያነሣውም። ይህን ለእናቱ ማድረጉ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ፍቅር ቃሉን ይመርጣል። ነገር ግን የጻፈው ይህንን ብቻ ከሆነ፣ ከዓመታት በኋላ ራሱ ሲያነበው ያ መከራ የት ሄደ? ለእናቱ ያዘጋጀውን ታሪክ እርሱም አምኖት ይቀራል። እንዲያውም ቀኑን ሙሉ «ይህን ማታ እንዴት አድርጌ እጽፈዋለሁ?» እያለ የሚሄድ ከሆነ፣ ዓይኑ ዛፉን እያየ ልቡ ግን ከአንባቢው ዘንድ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ የሚያስተምረን አንድ ታሪክ አለ። ይህን መንገድ በአንድ ጉዞ ከዳር እስከ ዳር የሄደ የመጀመሪያው ሰው ተብሎ የሚታወቀው ኧርል ሻፈር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተካፈለ ወታደር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የተጓዘውም የጦርነቱን ሐዘን ከልቡ ለማውጣት ነው። በኪሱ አንዲት ትንሽ የማስታወሻ ደብተር ይዞ ነበር። ጨርሻለሁ ባለ ጊዜ የመንገዱ ኃላፊዎች ተጠራጠሩት፤ ያሳመናቸውም ያነሣቸውን ፎቶግራፎችና ማስታወሻውን በማሳየት ነበር። ደብተሯ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ተቋም ትገኛለች። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ሻፈር በ2002 ከሞተ በኋላ፣ በ2011 ያችኑ ደብተር የመረመረ አንድ ሰው ሻፈር ከመንገዱ ወደ 170 ማይል የሚሆነውን እንደዘለለና አንዳንዱንም ቦታ በመኪና እንዳለፈ ጻፈ። በዚህ ላይ ክርክር ተነሥቷል፤ መንገዱም በጦርነቱ ዘመን ጠባቂ በማጣቱ በብዙ ቦታ ምልክቱ ጠፍቶ እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። ፍርዱን ለሌሎች እንተውና አንድ ነገር እናስተውል፦ ለሻፈር የመሰከረችው ደብተር በኋላ መከራከሪያ የሆነችውም እርሷው ናት። ለጭብጨባ ተብላ ብትጻፍ ኖሮ ለምስክርነት የምትበቃ አትሆንም ነበር።

«ታዲያ ለሌላ ሰው የሚጻፍ ሁሉ ሐሰት ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። አንባቢ መኖሩ ራሱ ይጠቅማል። ለራሱ ብቻ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ በሮሮ ይሞላል፤ ነገሩን ሳያብራራ ያልፋል፤ ራሱንም ያለ ተቃዋሚ ያጸድቃል። ሌላ ሰው ያነበዋል ብሎ ሲያስብ ግን ሐሳቡን ያስተካክላል። ከዚህም ሌላ ብቸኝነት ያደከመውን መንገደኛ ከቤት የሚመጣ አንድ መልስ ሊያበረታው ይችላል። ስለዚህ ስሕተቱ ለሰው መጻፉ አይደለም። ስሕተቱ ለሰው የሚላከውን ብቻ መጻፉ ነው።

እዚህ ላይ ያችን አሮጌ መሣሪያ እናመሰግናት። በተራራው ላይ ስልክ ስለሌለ የተጻፈው ወዲያው አይላክም ነበር። በመጻፍና በመላክ መካከል ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቁጣ ይበርዳል፤ የተጋነነው ይታያል። አብሮት የሚጓዘው ሰው አንድ ሌሊት እያለቀሰ የነገረው ምስጢር ካለ፣ ይህ የእኔ ስላልሆነ አይላክም ብሎ ለማስቀረት ፋታ ያገኛል። ዛሬ ግን የኪስ ስልክና የሳተላይት መልእክት መላኪያ ያን ፋታ አጥብበውታል። ወድቆ እግሩ ለተሰበረ ሰው ይህ ሕይወት አድን ነውና አንንቀፈው። ነገር ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንደሚባለው፣ በችኮላ የተላከም ቃል አይመለስም።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ መንገዳችን የተራራ ባይሆንም ሁላችንም በኪሳችን መላኪያ ይዘን የምንሄድ ነን። ስለዚህ ሦስት ነገር እንለማመድ። አንደኛ፣ ለሚያስቡልን ሰዎች ደኅንነታችንን ሳናዘገይ እንንገር። ሁለተኛ፣ ማንም የማያየው አንድ ደብተር ይኑረን፤ በእርሱም ላይ ያበጠውን ጉልበት ያበጠ ብለን እንጻፍ። ሦስተኛ፣ ከደብተሩ ወጥቶ ለሌላ የሚደርሰውን ቢያንስ አንድ ሌሊት እናሳድረው። የምንልከው ከምንጽፈው ቢያንስ ውሸታሞች አንባልም። የምንጽፈው ከኖርነው ጋር እንዲስማማ ግን ዛሬ ማታ ብዕሩን ስናነሣ እንጀምር።