የቅጂ ቅጂ

ድሬ ዳዋ የባቡር ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ ከደረሰ ወዲህ የባሕር ማዶ ዕቃ ቶሎ ይገባላታል፤ የታይዋን ገበያዋም በኤሌክትሮኒክስ ስሙ የገነነ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ዲስክ የሚሰበስብ ሰው አንድ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ይገጥመዋል፦ የትኛው ቅጂ ነው ፊልሙ?

ቪሲዲ 352 በ288 ነጥብ ብቻ አለው፤ ብሉሬይ 1920 በ1080፣ ሃያ እጥፍ ገደማ። እስክስታው ሲጦፍ የቪሲዲው ምስል ተሰባብሮ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ይሆናል። የሁለት ሰዓት ፊልም ደግሞ በአንድ ዲስክ አያልቅም፤ ልብ ሲሰቀል ተነስቶ ሁለተኛውን መክተት ነው።

ፕላቶ አልጋው ራሱ የአልጋ ሐሳብ ቅጂ ነው ብሎ ስለሚያምን የአልጋን ሥዕል የቅጂ ቅጂ ብሎ ነቅፎታል። ቪሲዲን ቢያይ ምን ሊል ነው!

ጥራትም ግን ይዋሻል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የ«ፕሬዳተር» ብሉሬይ የፊልሙን ቅንጣት ለማጥፋት ከመጠን በላይ ከመታጠቡ የተነሣ የተዋናዮቹ ፊት ሰም መሰለ። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (እ.ኤ.አ. 1976) የተቀረጸው በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በገበሬው ፊት ላይ የሚርመሰመሰው ሻካራ ቅንጣት የፊልሙ ሥጋ እንጂ ቆሻሻ አይደለም። ቪሲዲ ቅንጣትን ማሳየት ስለማይችል ይተወዋል፤ የ«ፕሬዳተር» ብሉሬይ ግን እየቻለ ፋቀው። ሁለተኛው ይብሳል።

ዋናው ቅጂ ከጠፋ ደግሞ ክርክሩ ይለወጣል። ቪሲዲ ብቻ ለቀረለት የአማርኛ ፊልም የተሰባበረው ምስል ራሱ ዋናው ነው፤ ሰብሳቢውም ለማሳመር ከመሞከሩ በፊት ዲስኩ ሳይጫር እንዳለ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልብጠው።