ነገርን ከሥሩ፦ የኮሙኒኬሽን ተማሪ ማይነሩን በምን ይምረጥ?



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ኮሙኒኬሽን የሚያጠኑ የኦስዶርፕ ወጣቶች «ማይነር ምን ልውሰድ?» እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ኢንጂነር ነኝ፤ ሙያዬ ከእነሱ ሙያ ይርቃል። ነገር ግን ጥያቄው የትምህርት ምርጫ ብቻ አይመስለኝም። ከሥሩ ሲታይ የአማና ጥያቄ ነው፦ በሰው ፊት የሚናገር ሰው፣ ስለሚናገረው ነገር ምን ያህል የማወቅ ግዴታ አለበት?

በቅድሚያ መጠኑን እንይ። በሆላንድ የዩኒቨርሲቲ ባችለር 180 ክሬዲት፣ የሆኽስኾል ባችለር ደግሞ 240 ክሬዲት ነው። ማይነር በአብዛኛው 30 ክሬዲት፣ ማለትም አንድ ሴሚስተር ይይዛል። በዚህ አገር አንድ ክሬዲት 28 የጥናት ሰዓት ተብሎ ስለሚሰላ፣ ማይነራችሁ 840 ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት ማንንም ሊቅ አያደርግም። ሆኖም አንድ ሙያ ነገሮችን የሚመረምርበትን መንገድ ለመልመድ ይበቃል።

ታዲያ እነዚህን ሰዓታት በምን እንሙላቸው? አንዳንዱ ወላጆቹን ለማስደሰት ቢዝነስ ይመርጣል፤ ቤት ውስጥ «ወሬ ነው እንዴ የምትማረው?» የሚባል ልጅ አለና። ሌላው ጓደኞቹ የገቡበትን ይከተላል። ሌላዋ ከዋናው ትምህርቷ ጋር የሚመሳሰለውን፣ ማርኬቲንግን ወይም ሚዲያን ትጨምራለች። ሐላል እንጀራ መፈለግም ሆነ የወላጅን ልብ መጠበቅ መልካም ነው፤ አላቃልለውም። ግን ከላይ ያነሳሁትን ጥያቄ አይመልሱም።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። የውሃ መስመር የሚዘረጋ ሰው ግፊቱንና የቧንቧውን ስፋት ያሰላል፤ ቧንቧው ግን ንጹሑንም የተበከለውንም እኩል ያስተላልፋል። የኮሙኒኬሽን ትምህርትም ዋና ሥራው መልእክት ሰው ጋ እንዴት እንደሚደርስ ማስተማር ነው። በእርግጥ የጥናት ዘዴም፣ የሙያ ሥነ ምግባርም ይሰጣል። ነገር ግን መልእክቱ ስለ ጤና፣ ስለ ግብር ወይም ስለ ቤት ኪራይ ሲሆን፣ ምንጩ ንጹሕ መሆኑን የሚለየው ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ይህ የሩቅ ምሳሌ አይደለም። «ቱስላኸንአፌረ» የሚባለውን የሕፃናት መዋያ ድጎማ ጉዳይ አስታውሱ። የግብር መሥሪያ ቤቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆችን በአጭበርባሪነት ጠርጥሮ፣ በትንሽ የሰነድ ጉድለት ሳይቀር የተከፈላቸውን ድጎማ በሙሉ እንዲመልሱ ጠየቀ። ብዙዎቹ ከባድ ዕዳ ውስጥ ገቡ። የአገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020፣ መሥሪያ ቤቱ የአመልካቾችን ዜግነት የተጠቀመበት መንገድ ሕገ ወጥና አድሏዊ እንደነበር ይፋ አደረገ። ጃንዋሪ 15 ቀን 2021 የማርክ ሩተ ካቢኔ በዚሁ ጉዳይ ሥልጣን ለቀቀ።

አሁን አንድ ነገር እናስብ። ነገ በማዘጋጃ ቤት ወይም በሚኒስቴር ተቀጥራችሁ፣ «ገንዘቡን መልሺ» የሚል ደብዳቤ በቀላልና በጨዋ ቋንቋ እንድትጽፉ የምትታዘዙት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ደብዳቤው የሚደርሳት ኦስዶርፕላይን አጠገብ የምትኖር እናት ብትሆንስ? ጥሩ ጸሐፊ ብቻ የሆነ ሰው ደብዳቤውን ያሳምረዋል። የሕግ ማይነር የወሰደ ሰው ግን የአስተዳደር ውሳኔን ለመቃወም በአብዛኛው 6 ሳምንት ብቻ እንዳለ ያውቃል፤ ስለዚህ «ይህ ቀን በጉልህ ተጽፏል ወይ? ውሳኔውስ በምን ላይ ተመሠረተ?» ብሎ ይጠይቃል። የዴንሃግ ፍርድ ቤት ፌብሯሪ 5 ቀን 2020፣ «ሲሪ» የተባለው የመንግሥት የማጭበርበር መፈለጊያ ሥርዓት ከአውሮፓ የሰብአዊ መብት ስምምነት አንቀጽ 8 ጋር እንደሚጋጭ ወስኗል። እንዲህ ያለውን ፍርድ አንብቦ ለሰፈሩ ሰው በሚገባው ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልገናል።

ሮተርዳምንም እንይ። ማዘጋጃ ቤቱ እስከ 2021 ድረስ፣ ከማኅበራዊ ድጎማ ተቀባዮች መካከል ማን ይመርመር የሚለውን ለመለየት በኮምፒውተር ስሌት ይጠቀም ነበር። ጋዜጠኞች ስሌቱን አግኝተው በ2023 ባወጡት ምርመራ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ነጥብ የሚሰጠው በ315 መለኪያዎች እንደነበርና የሆላንድኛ ችሎታም ከመለኪያዎቹ አንዱ እንደሆነ አሳዩ። ይህን ፈትሾ ለማየት የቃላት ችሎታ አይበቃም፤ ስታቲስቲክስ ይጠይቃል። ያዩትን ለሕዝብ ለማስረዳት ደግሞ ስታቲስቲክስ ብቻውን አይበቃም። ማይነር ዋናውን ትምህርት አሟላ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ለእኛ ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት ዘገባን ሲመዝኑ የንግግሩን ማማር ብቻ አላዩም። ሰነዱን፣ ማን ከማን እንደሰማው፣ የእያንዳንዱን ዘጋቢ ታማኝነትና የማስታወስ ብቃት መረመሩ፤ ለዚህም ዒልሙ ሪጃል የተባለ ራሱን የቻለ የዕውቀት ዘርፍ አቆሙ። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽም ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ታዘናል፤ ምክንያቱም ባለማወቅ ሰው ይጎዳል።

«ግማሽ ዕውቀት አደገኛ አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ራሱን ሙሉ አድርጎ ካየ፣ አዎ። 840 ሰዓት ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው የዘርፉ ባለሙያ አይደለም። ጥቅሙ ማንን መጠየቅ እንዳለበትና የተሰጠው መልስ መቼ እንደማያጠግብ ማወቁ ነው። «አላውቅም» ማለት የሚገባው የት ላይ እንደሆነም ይማራል።

ሌላው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ክፍል ውስጥ ስለ እስልምና ወይም ስለ ስደተኞች ሲነሳ ሁሉም ዞሮ የሚያየው እናንተን ነው። ስለዚህ ዐረብኛ፣ የሃይማኖት ጥናት ወይም የስደት ታሪክ መውሰድ ግዴታ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ከወደዳችሁት ውሰዱት፤ ትልቅ ዕውቀት ነው። ሌሎች ስለሚጠብቁባችሁ ብቻ ከሆነ ግን፣ የምትናገሩበትን ጉዳይ የመረጡላችሁ እነሱ ናቸው። ስለ ቤት ግንባታ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ከተማ በጀት ጠንቅቃ የምትናገር ሙስሊም እህትም ታስፈልገናለች።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ልናገርበት የምፈልገው ጉዳይ የትኛው ነው? በዚህ ጉዳይ ሰው ቢዋሸኝ መለየት የማልችለው ምኑን ነው? ስህተት ባሰራጭ የሚጎዳው ማን ነው? ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ማይነሩን ይጠቁማል፤ ሦስተኛው ለምን እንደምትደክሙበት ያስታውሳችኋል። የፈለጋችሁት በራሳችሁ ተቋም ከሌለ፣ «ኪስ ኦፕ ማት» በተባለው የጋራ መድረክ በሌሎች ተቋማት የሚሰጡ ማይነሮችን ማየት ይቻላል። የመመዝገቢያው ጊዜ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ ወራት አስቀድሞ ሊያልቅ ስለሚችል ቀድማችሁ ተንቀሳቀሱ፤ የትምህርት ክፍላችሁ የፈተና ኮሚሽን ምርጫችሁን ይቀበለው እንደሆነም አረጋግጡ።

ወላጆቻችሁንም በዚሁ መንገድ አስረዷቸው። «የምማረው ወሬ ማውራት አይደለም፤ ወሬ ሲመጣ ከሥሩ ማጣራትና ለሰው በትክክል ማድረስ ነው» በሏቸው። ይህን የሚጠላ ወላጅ ያለ አይመስለኝም።

አላህ የሚጠቅም ዒልም ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።