ሚዛንና ፍርድ

የሳይንስ ሰዎች ተቃራኒ ኃይሎች ተመጣጥነው አንድ ነገር ባለበት የሚረጋበትን ሁኔታ «ኢኩሊብሪየም» ይሉታል። ቃሉ ከሁለት የላቲን ቃላት የተገነባ ሲሆን «ኤኩውስ» እኩል፣ «ሊብራ» ሚዛን ማለት ነው። ሊብራ ለሮማውያን የመመዘኛው መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የክብደት መለኪያም ስም ነበር፤ የጣሊያኖች ሊሬ የወጣው ከዚሁ ነው። እንግዲህ ዛሬ በፊዚክስና በኬሚስትሪ መጻሕፍት የከበረ ስፍራ የያዘው ቃል ሥሩ ከገበያ መካከል ነው።

የአማርኛውም አካሄድ ከዚህ አይርቅም። እህል የሚመዝነው ነጋዴና ነገር የሚያመዛዝነው ሽማግሌ በአንድ ግሥ ይገናኛሉ። ላቲኑም መምከርን «ዴሊቤራሬ» ሲል ያንኑ ሊብራን ያስታውሳል። የማይዛመዱ ሁለት ቋንቋዎች ከሸቀጥ ተነሥተው ወደ ኅሊና ማምራታቸው፣ የሰው ልጅ አሳብ ከእጁ ሥራ እንዳልተለየ ያመለክታል።

ይህ ጉዞ በሐረር በአንድ ሰው ሕይወት ተገልብጦ ይታያል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በተማሪነቱ፣ በ1869 እ.አ.አ.፣ በላቲን ግጥም ውድድር አንደኛ ሽልማት አግኝቶ ነበር። በ1880 መጨረሻ ወደ ጀጎል የገባው ግን በኤደን ይሠራ የነበረ የንግድ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ፣ ቡናና ቆዳ እየገዛ ሊልክ ነው። የላቲንን ስንኝ የሰፈረ እጅ የቡናን ክብደት ወደ መመዝገብ ዞረ።

ለመሆኑ የተስተካከለ ሚዛን ሁሉ ፍትሕ ነውን? ሮማውያን «ስታቴራ» የሚሉት ሚዛን አንዱ ክንዱ አጭር፣ ሌላው ረጅም ነበር፤ በረጅሙ ክንድ ላይ የምትንሸራተት ትንሽ ክብደት በአጭሩ ላይ የተንጠለጠለውን ከባድ ጭነት ትመጥናለች። የክንዱ ልክ በግልጽ ምልክት ስለተደረገበት በዚህ ማታለል የለም። ማታለሉ የሚመጣው፣ እኩል ናቸው የተባሉት ክንዶች በስውር ሲበላለጡ ነው። ያን ጊዜ ሚዛኑ ይረጋል፤ ፍርዱ ግን ይዛባል።

በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን በታጠረው ጀጎል፣ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች በአንዱ ገብታ ምርቷን ወደ ግድር መጋላ የምታደርስ ገበሬ፣ ሚዛኑን የያዘው ሌላ ሰው ነው። ሚዛኑ መርጋቱን ታያለች፤ የክንዱን ርዝመት ግን በዐይኗ ለመለየት ያስቸግራታል። ሆኖም አንድ መፈተኛ አላት፤ ይኸውም ጭነቱንና የሚዛኑን ድንጋይ ቦታ ማለዋወጥ ነው። ክንዶቹ እኩል ካልሆኑ፣ ቅድም ረግቶ የነበረው ሚዛን ያዘነብላል።

የኅሊናም ፈተና ይኸው ነው። የረጋውን ሁሉ «ሚዛናዊ» ብሎ ከማወደስ በፊት፣ ፈራጅ በተከሳሽ፣ መምህር በተማሪ፣ ደራሲም በሚኮንነው ገጸ ባሕርይ ስፍራ ራሱን አስቀምጦ ይመዝን። ቦታ ሲለዋወጡ የሚናወጥ እኩልነት፣ ቀድሞውኑ እኩልነት አልነበረም።